ግማሽ መንገድ ቤት አያደርስም

በዚህች ጋዜጣ ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ስለ ምግብ ካርድ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን ሁላችንም በየቀኑ የምንረግጠው፣ ሆኖም ቁጭ ብለን ያልተነጋገርንበት ነው። እሱም ከካኩማ ከተማ ተነስቶ በካምፑ አጠገብ አልፎ ወደ ካሎበየይ የሚዘልቀው መንገድ ነው። ይበልጡን ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ የብስክሌት ቦታው የት ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

እኛ ስንል በካኩማ አንድ የምንኖር፣ ኑሯችንን በብስክሌት የምንገፋ ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ከመካከላችን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ዳቦ የሚያመላልስ አለ፤ ጎማ የሚለጥፍ አለ፤ ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አለ። መሐንዲስ የለንም። ነገር ግን መንገዱን በጉልበታችን ስለምናውቀው፣ የት ላይ አሸዋ እንደሚከመር፣ የት ላይ ነፋስ እንደሚገፋ፣ የት ላይ ወርዶ መግፋት እንደሚሻል ዓይናችንን ጨፍነን መናገር እንችላለን። እዚህ ያየነውንና ሌሎች አገሮች ያለፉበትን አንድ ላይ አድርገን ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን ብዕር አነሳን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ

ካኩማ ካምፕ የተመሠረተው በ1992 ነው። ቀደምት ነዋሪዎች እንደሚያወጉን መጀመሪያ ሁሉም በእግሩ ነበር። ቀስ በቀስ ብስክሌት ገባ፤ ከኋላ ባለው ብረት ላይ ስፖንጅ አስረው ሰው የሚያመላልሱ ወጣቶችም በዙ። ዛሬ ለሞተር ብስክሌት የምንጠቀምበት «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም ራሱ ከብስክሌት የወጣ ነው። በ1960ዎቹ በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ በምትገኘው ቡሲያ፣ ከአንዱ ኬላ እስከ ሌላው ኬላ ሰውና ዕቃ በብስክሌት የሚያሻግሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ስሙም ከድንበር እስከ ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የመጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ከተሞችን በብስክሌት ማገናኘት ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ ነገር አይደለም። ብስክሌቱ ድሮም ነበረ፤ የጠፋው ቦታው ነው።

በ2016 የካሎበየይ ሰፈራ ተከፈተ። ከካኩማ ካምፕ የሚርቀው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ርቀት ለመኪና ምንም ማለት አይደለም። በዚህ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚሄድ እግረኛ ግን ሩቅ ነው። ለብስክሌት ልኩ ነው፤ ላብ ሳያጠልቅ ይደረሳል። ዘመድ እዚያ፣ ገበያ እዚህ፤ ትምህርት ቤቱ በአንዱ፣ ሕክምናው በሌላው ሆኖ ሁለቱ ሰፈሮች በየቀኑ ይፈላለጋሉ።

ከዚያ ደግሞ አስፋልቱ መጣ። ከሎድዋር እስከ ሎኪቾጊዮ ያለው አውራ መንገድ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ተሠራ። እውነቱን እንናገርና ደስ ብሎናል። በሽተኛ ቶሎ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ዕቃ ቶሎ ይገባል፤ አቧራው ቀንሷል። ነገር ግን አስፋልት ሲመጣ ፍጥነት አብሮት ይመጣል። ድሮ ኮረኮንቹ ራሱ መኪናውን ያዘገየው ነበር። አሁን ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር የሚገሰግስ ተሳቢ በአጠገባችን ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ዳቦ የጫነ ብስክሌት ያንገዳግዳል። የፊዚክስ መምህር ቢጠየቅ እንደሚያስረዳው፣ የመኪና ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የሰበረውን፣ በ60 የሚሄደው ይገድለዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በሱዳን፣ በደቡብ ሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኮንጎ፣ በብሩንዲና በሩዋንዳ ግን በቀኝ ነው። እስቲ አስቡት፤ እዚህ ካምፕ ያለነው አብዛኞቻችን መንገድ ስንሻገር መጀመሪያ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነው! ትናንት የመጣ ሰው ብስክሌት ቢይዝ ደግሞ በለመደው በቀኝ በኩል ይወጣና ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ይህ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ እግርና ዓይን የለመዱት ነገር ነው። ስለዚህም ነው መንገዱ ራሱ በምልክትና በቀለም «በዚህ በኩል ሂድ» ብሎ መናገር ያለበት የምንለው።

የደረሰብንን በአጭሩ እንናገር። ከመካከላችን አንዱ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ጭኖ ሲሄድ የጎን መንገዱ አሸዋ ውጦት አለቀበት። ምርጫ አልነበረውም፤ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከኋላው የመጣ መኪና መታውና ሳይቆም ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች፤ እግሩ ግን ወራት ፈጀ። በእነዚያ ወራት ቤቱ እንዴት እንደከረመ እኛ ጎረቤቶቹ እናውቃለን፤ አንዱ ሽሮ ሲያቀብል፣ ሌላው የልጆቹን ደብተር ሲገዛ። ይህን የምናወራው መኪና አሽከርካሪ ለመርገም አይደለም። ወንድማችን የተመታው መንገድ በሌለበት ቦታ ሳይሆን፣ የነበረው መንገድ በተቋረጠበት ቦታ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ደግሞም የማይመዘገብ ጉዳት አለ። ከቤተሰቦቻችን የአንዷ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደረሳትና መንገዱ ራቀ። ብስክሌት ከወንድሟ ትችላለች። «እማዬ፣ እችላለሁ እኮ!» ብትል እናቷ፣ «የኔ እናት፣ አንቺን አይደለም የምፈራው፤ መንገዱን ነው» አለቻት። ልጅቷ በእግሯ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ይመሻል፤ ውኃ ልቅዳ፣ ላብስል ስትል ጥናቱ ይቀራል። አደጋ አልደረሰባትም፤ ስለዚህ የትም አትመዘገብም። ነገር ግን መንገዱ ከሷም የወሰደው ነገር አለ።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው።

ሌሎች እንዴት ተወጡት?

ብዙ ሰው ሆላንድ ሲባል ብስክሌት ከጥንት ጀምሮ እንደ ልብ የሚነዳባት አገር ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በዛ፣ ብስክሌት ተገፋ፤ በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነሱ ውስጥ ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ወላጆች አደባባይ ወጡ። «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ስም የያዘ እንቅስቃሴ አቋቁመው መንገድ እየዘጉ ጮኹ። ዛሬ የምናደንቀው የሆላንድ የብስክሌት መንገድ ከእናትና አባት ልቅሶ ጭምር የተወለደ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ለኛ የበለጠ ትምህርት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሆላንድ መንግሥት በሄግና በቲልበርግ ከተሞች አንዳንድ ውብ የብስክሌት መንገድ ለሙከራ አሠራ። መንገዶቹ ጥሩ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ የሚነዳውም ጨመረ። ይሁን እንጂ በከተሞቹ በጠቅላላው የብስክሌተኛው ቁጥር እንደታሰበው አላደገም። ለምን ቢባል፣ ከውቡ መንገድ ሲወጡ የሚገኘው ያው የድሮው አስፈሪ መንገድ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ዴልፍት የተባለችው ከተማ ሌላ ዘዴ ያዘች። አንድ ትልቅ መንገድ በመሥራት ፈንታ፣ ከተማውን የሚያቋርጡ ዋና መስመሮችን፣ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኙ መካከለኞችን፣ እስከ ቤት ደጃፍ የሚደርሱ ትንንሾችን አያያዘች። አንዳንዱ ሥራ አጭር ድልድይ ወይም የተዘጋ ግንብ መክፈት ብቻ ነበር። በዚህ የብስክሌተኛው ቁጥር አደገ። የሆላንድ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሲነድፉ አምስት ነገር ይጠይቃሉ፤ የተያያዘ ነው ወይ? ቀጥተኛ ነው ወይ? ከአደጋ የተጠበቀ ነው ወይ? ምቹ ነው ወይ? ዓይን ይስባል ወይ? መጀመሪያ የሚጠሩት መያያዙን ነው።

ከከተማ ከተማ ስላለው መንገድ ደግሞ ዴንማርክን እንይ። በ2012 ከኮፐንሃገን እስከ አልበርትስሉንድ 17.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የብስክሌት አውራ ጎዳና ተከፈተ። መንገዱ የሚያልፈው በአምስት ማዘጋጃ ቤቶች ክልል ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በክልሉ የመሰለውን ይሠራ ነበር፤ አንዱ ጋ ሰፊው፣ ሌላው ጋ ጠባብ። ብስክሌተኛው ደግሞ የክልል ወሰን አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ቤቱንና ሥራውን ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶቹ ተቀምጠው በአንድ ደረጃ ተስማሙ፤ መስመሩን በሙሉ ብርቱካናማ ምልክት እንዲመራው አደረጉ፤ እያንዳንዱም የድርሻውን በዚያው ልክ አስተካከለ። በ2015 ደግሞ በሆላንድ አርንሄምና ናይሜኸን የተባሉትን ሁለት ጎረቤት ከተሞች የሚያገናኝ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የብስክሌት መንገድ ተመረቀ። በየአውራ መንገዱ ላይ ቆሞ መኪና እንዳይጠበቅ ብስክሌቱ በሥር ወይም በላይ እንዲያልፍ ተደርጓል።

እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ግን ጉዳዩ ወደኛም መጥቷል። የናይሮቢ ከተማ በ2015 ባወጣው ፖሊሲ ከመንገድ በጀቱ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ለመመደብ ቃል ገብቷል። ኢትዮጵያም በ2020 የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች። ቃልና ሥራ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ሆኖም ዛሬ ብስክሌተኛ ቦታ ይሰጠው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሰማይ ይውረድልኝ እንዳለ አይቆጠርም።

«በረሃብ ላይ ብስክሌት?»

ይህን ሐሳብ ስናወራ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ የብስክሌት መንገድ ትላላችሁ?» ብለውን ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በ2025 የምግብ ድጎማው እንዴት እንደተቆረጠ፣ ስንት ቤት ድስቱን እንደደፋ ሁላችንም እናውቃለን። መልሳችን ግን ይኸው ነው፤ ራሽን ሲቀንስ ሰው ሠርቶ መብላት አለበት፤ ሠርቶ ለመብላት ደግሞ መድረስ አለበት። ለሞተር የምንከፍለው ሂሳብ ከዳቦው ትርፍ ላይ ነው የሚነሳው። ብስክሌት ነዳጅ አይጠጣም፤ የሚፈልገው ካላማዳሪና ትንሽ ዘይት ነው። መንገዱ የማያስፈራ ቢሆን ሴቶች ሸቀጣቸውን፣ ተማሪዎች ራሳቸውን፣ የጎረቤቶቻችን የቱርካና ሰዎች ከሰላቸውን ይዘው ያለ ወጪ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ይህ ከምግብ ጎን የሚቆም ጉዳይ ነው፤ ከምግብ የሚሻማ አይደለም።

ጊዜውም አሁን ነው። የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 2025 «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ቃሉ የእኛው «ሽርክና» ዘመድ ነው። የዕቅዱ ዓላማ ካምፖቹ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ አብረው የሚኖሩባቸው ሰፈራዎች እንዲሆኑ ነው። ሰፈራ ሲታቀድ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠመረው መንገድ ነው። ቤትና ሱቅ ከተሠራ በኋላ ሁለት ሜትር ፈልጎ ማግኘት ጭቅጭቅ ነው፤ ዛሬ በወረቀት ላይ ሁለት ሜትር መተው ግን መስመር ማስመር ብቻ ነው።

ምን እንጠይቅ?

በስብሰባ ላይ «መንገድ ይሠራልን» ብቻ ካልን «እሺ» ተብለን እንሸኛለን። ዘርዝሮ መጠየቅ ይሻላል። እኛ ተነጋግረን የደረስንበት ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከካኩማ ገበያ እስከ ካሎበየይ የመጨረሻው መንደር ድረስ ሳይቋረጥ አንድ ሆኖ ይታቀድ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልበቃ፣ መጀመሪያ በጣም አደገኛዎቹ ቦታዎች ይሠሩ፤ ቀላሉን ቦታ አስውቦ ከባዱን መተው አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር፣ ሁለቱም አቅጣጫ በአንድ በኩል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 3 ሜትር ያስፈልጋል። ጀሪካን በግራና በቀኝ ያንጠለጠለ ብስክሌት ሰፊ ነው። በእጅ በሚዘወር ባለሦስት ጎማ የሚሄዱ አካል ጉዳተኞች ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም በዚያው መንገድ ማለፍ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ መኪና በሚፈጥንበት ቦታ ሁሉ የብስክሌቱ መንገድ ከአስፋልቱ ይለይ። ቀለም ብቻውን ተሳቢ አያቆምም። በመካከሉ ቦይ፣ ድንጋይ ወይም ዛፍ ይግባ፤ ዛፍ ከሆነ ጥላውም ትርፍ ነው። መኪናና ሰው የግድ በሚቀላቀሉበት በገበያና በትምህርት ቤት በር ደግሞ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ። በ2020 አገሮች በስቶክሆልም የተስማሙበት ልክም ይኸው 30 ነው።

አራተኛ፣ ላጋው አይረሳ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ተራራ ላይ ሲዘንብ በደቂቃዎች ውስጥ ጎርፍ ያወርዳል። መኪናው በድልድይ አልፎ ብስክሌቱና እግረኛው በአሸዋው ውስጥ የሚወርድ ከሆነ መንገዱ ሁለት ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። ድልድይ ሲታሰብ ለእግርና ለብስክሌት የሚሆን ዳር አብሮ ይታሰብ።

አምስተኛ፣ ምልክቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በሥዕልና በቀስት እንጂ በጽሑፍ ብቻ አይሁን። እዚህ የሚነገረው ቋንቋ ብዙ ነው፤ ቀስትን ግን ሁሉም ያነባል።

ስድስተኛ፣ አሸዋውን ማን ይጠርጋል? ይህ ካልተወሰነ የተሠራው ሁሉ በአንድ የነፋስ ወቅት ይቀበራል። ለካምፑና ለአካባቢው ወጣቶች በጋራ የሚሰጥ የጥገና ሥራ ቢሆን መንገዱም ይጸዳል፣ ሥራም ይገኛል።

እስከዚያው ከራሳችን የሚጠበቅም አለ። በግራ እንንዳ። በሌሊት የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጥፍ። በየብሎኩ ያሉ ወጣቶች አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ስንት ብስክሌት፣ ስንት እግረኛ፣ ስንት ልጅ እንዳለፈ ቆጥረው በደብተር ይጻፉ፤ አደገኛውን ቦታም ምልክት ያድርጉበት። ባለሥልጣን ፊት እሮሮ ይረሳል፤ በቁጥር የተጻፈ ግን ፋይል ውስጥ ይገባል። ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋርም አብረን እንጠይቅ፤ መንገዱ የእነሱም ነው፤ ልጆቻቸውም በዚያው አስፋልት ዳር ነው የሚያልፉት።

አንዳንዶቻችን ወደ አገራችን እንመለስ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችን ሦስተኛ አገር ይደርሰን ይሆናል፤ አንዳንዶቻችንም እዚሁ እንቀር ይሆናል። የት እንደምንሆን አናውቅምና መንገዱን ዝም እንበለው ማለት ግን አይሆንም። ነገ ጠዋት ዳቦው ይጫናል፤ ነገ ጠዋት ልጆቹ ይወጣሉ። ለጠየቀ ይሰጠዋል ባይባል እንኳ፣ ላልጠየቀ እንደማይሰጥ እናውቃለን። በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባ ላይ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ብትገኙና የጎደለውን ብትጨምሩበት ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን።